አሮጌ ቀለም በዲስክ ሳንደር መፋቅ፦ ከወራት በኋላ የምለው

ዲስክ ሳንደሩን፣ ማለትም ክብ የብርጭቆ ወረቀት እያሽከረከረ የሚፍቀውን የኤሌክትሪክ ማሽን፣ የገዛሁት የቤቱን የውጭ ጣውላ ለመፋቅ ነው። ቀለሙ በየዘመኑ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቧል። ግማሹ ተሰነጣጥቋል፣ ግማሹ ደግሞ ሙጭጭ ብሏል። ወራት ሠራሁበት። አሁን "ልግዛ ወይ?" ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ ሰፊና ጠፍጣፋ እንጨት ካለህ ግዛ፣ ከሌለህ ተወው።

የእኔው 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዝ፣ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ የሚደረግ ነው። ዲስኩ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ ይሽከረከራል። ኦርቢታል ሳንደር ግን እየዞረ ወዲህ ወዲያም ስለሚል ጭረቱ ይጠፋፋል። የእኛው ማሽን እንዲህ ዓይነት ይሉኝታ የለውም፤ የነካውን ይበላል። ቀለሙን ቶሎ የሚያነሳውም፣ እንጨቱን የሚያቆስለውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ፍጥነት የሚስተካከል ይሁን የምለው በምክንያት ነው። ይህን የሚያህል ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሴኮንድ 72 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት ሙቀቱ ቀለሙን ያለሰልሰዋል። የለሰለሰ ቀለም ደግሞ አይፋቅም፣ ወረቀቱ ላይ ይለጠፋል። ያረጀ የዘይት ቀለም ደርቆ ተሰባሪ ስለሚሆን ዱቄት ሆኖ ይወጣል። የውሃ ቀለም ግን ሲሞቅ ማስቲካ ይሆናል። እሱ ላይ ስደርስ ፍጥነቱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ክንዴንም አላሳርፍበትም።

ስለ ማሽኑ ብዙ ይወራል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ወረቀቱ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ ነው። ወፍራም ቀለም ላይ ቁጥር 36 ጥሩ ነው። እንጨቱ ብቅ ማለት ሲጀምር ወደ 60፣ መጨረሻ ላይ ወደ 80 እሄዳለሁ። ለውጭ እንጨት ከዚያ በላይ ማለስለስ አያስፈልግም፤ ፕራይመሩ (ከቀለም በፊት የሚቀባው መነሻ ቅብ) የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ደግሞም የሚፍቀው ሻካራ ፍሬ ራቅ ራቅ ብሎ የተዘራበትን ወረቀት ምረጡ። በፍሬዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ዱቄቱን ስለሚያስወጣ ቶሎ አይደፈንም። ፍሬው ጥቅጥቅ ያለበት ወረቀት ለብረት ይሁን፤ ቀለም ላይ ወዲያው ይደፈናል። ያለቀ ወረቀትን ተጭኖ ለማሠራት መሞከር ደግሞ እንጨት ማቃጠል ነው። ማሽን አንዴ ይገዛል፣ ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ኪስ ይነካል።

አያያዙ እጅ ይፈልጋል። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ካስተኛችሁት ይዘላል። አብዝታችሁ ካዘነበላችሁት ጠርዙ ገብቶ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቁስል ይተዋል። ያ ቁስል ቀለም ሲቀባ አይደበቅም፤ እንዲያውም ይጎላል። ትንሽ ብቻ ዘንበል አድርጉት። ከመንካቱ በፊት ይሽከርከር፣ ከመቆሙ በፊት ይነሳ። በምንም ምክንያት አንድ ቦታ ላይ አይቁም። ሚስማር ካለ አስቀድማችሁ ወደ ውስጥ ምቱት። አለዚያ ወረቀቱን ይቀደዋል፣ ብልጭታም ያስነሳል። ብልጭታው ዱቄት የሞላበት የማሽኑ አቧራ ከረጢት ውስጥ ከገባ ውስጥ ውስጡን ሊጨስ ይችላል። ከረጢቱን ውጭ አውጥቶ ባዶ ማድረግ ልማዴ ሆኗል።

ማዕዘን፣ የመስኮት ክፈፍ፣ ቅርጻ ቅርጽ? እርሱት። ክብ ነገር ጥግ አይገባም። እዚያ ያለው ሥራ የስፓቱላና የእጅ ነው። ጣውላው ላይም ቢሆን የተነሳውን ቀለም መጀመሪያ በስፓቱላ አነሳለሁ። ሳንደሩ የሚገባው ተጣብቆ እንቢ ያለውን ለማስለቀቅና የቀለሙን ጠርዝ ከእንጨቱ ጋር ለማመሳሰል ነው።

አሁን ወደ አቧራው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አሮጌ የቤት ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) አለበት። አሜሪካ ለቤት ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ ቤቶች ላይ ለክፍያ የሚሠሩ ባለሙያዎችም ያለ መሸፈኛና ያለ ሄፓ ቫኩም (ደቃቅ አቧራ የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው አቧራ መሳቢያ) ሳንደር እንዳይጠቀሙ ሕጉ ያግዳቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ይበልጥ የሚጎዱት ልጆች ናቸው፤ አእምሯቸውን ይነካል። እኔ ከመጀመሬ በፊት ከእያንዳንዱ ቦታ ስባሪ ወስጄ አስመረመርኩ። ጣውላው ነጻ ወጣ። በሮቹ ላይ ግን እርሳስ ተገኘ። ስለዚህ በሮቹን ሳንደር አልነካቸውም፤ ውሃ እየረጨሁ በእጅ ፋቅኋቸው። ጊዜ ፈጅቷል፣ ምንም አይደል።

እርሳስ ባይኖርም የጨርቅ ማስክ አይበቃም። ፒ3 ማጣሪያ (በጣም ደቃቁን አቧራ የሚያስቀረው ደረጃ) ያለው ይሁን። ተራ የቤት ቫኩምም ደቃቁን አቧራ መልሶ ወደ አየር ይረጨዋል። ጆሮ መድፈኛና መነጽር ደግሞ የግድ ነው። ንዝረቱ እጅ ስለሚያደነዝዝ በየመሃሉ አርፋለሁ።

ዕቃው ራሱ እንዴት ከረመ? ሞተሩ ደህና ነው። አየር ማስገቢያው በዱቄት ስለሚደፈን ከሥራ በኋላ አራግፈዋለሁ። የአቧራ መሸፈኛው ግን አሳዝኖኛል፤ ማያያዣው ላልቶ አሁን በፕላስተር ነው የታሰረው። ወረቀት የሚይዘው የጎማ መደገፊያም በሙቀት ጥርሱ ቀልጦ መያዝ አቆመ። ወረቀቱ እየተሽከረከረ ተነስቶ ሲበር ማየት አያስደስትም። መደገፊያውን ቀየርኩት። የሞተሩ ካርቦንም (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ) ውሎ አድሮ ማለቁ አይቀርም። ስትገዙ መደገፊያውና ካርቦኑ ለብቻቸው ይገኙ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሻጩ "ይመጣል" ካላችሁ፣ ሲመጣ ግዙት።