ሊግ ፓስ ከጎንደር፦ ኮከቡ የተጎዳበትን ቡድን ለመገምገም ገንዘብ ይወጣበታል?

ሚያዝያ ላይ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ የጥሎ ማለፍ ዙር (ፕሌይኦፍ) ሲጀመር ጎንደር ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚከታተሉ ሰዎች በየዓመቱ የሚከራከሩበት አንድ ጉዳይ አይጠፋም፤ ወጣቱ ኮከብ ጉልበቱን ተጎድቷል፣ ታዲያ ቡድኑ ያለ እሱ ያልፋል ወይስ ይሰናበታል? የሊጉን ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚያሳየውን የክፍያ አገልግሎት፣ ሊግ ፓስን፣ እዚህ የምንመዝነው በዚሁ ጥያቄ ነው። ለመልሱ የሚያስፈልገው አብዛኛው መረጃ ያለ ክፍያ ይገኛል። ክፍያው የሚያዋጣው ጨዋታውን ካለቀ በኋላ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ነው፤ በቀጥታ ለማየት ብቻ ከሆነ ለእኛ ከተማ አንመክርም።

ምክንያቱ ሰዓቱ ነው። በፕሌይኦፍ ወራት ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ሰዓት በ7 ሰዓት እንቀድማለን። በእነሱ አቆጣጠር ምሽት 7 ሰዓት ላይ የሚጀመረው ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ ማታ 10 ሰዓት የሚጀመረው ደግሞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። በእንቅልፍ ሰዓት የማይወድቁት የቅዳሜና የእሁድ የቀን ጨዋታዎች ብቻ ናቸው፤ እዚያ ቀን 1 ሰዓት ያለው እኛ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 3፡30 ያለው ደግሞ ከምሽቱ 4፡30 ይገባል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ፒያሳ ላይ ቅርጫት ኳስ የሚያሳይ ካፌ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የሚቀረው ስልክ ነው።

ነፃው ክፍል ውስጥ ቀድሞ መታየት ያለበት የጉዳት ሪፖርቱ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን፣ በራሱ ከተማ ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር እስከ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ድረስ የተጎዱትን ማሳወቅ አለበት። ይህ ለምሥራቅ ቡድኖች የእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ለምዕራብ ጠረፍ ቡድኖች ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ሲነሱ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። በጨዋታው ዕለት ረፋድ ላይ የሚደረገው ለውጥ እኛ ጋ የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ከመተኛት በፊት ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። «አውት» ማለት አይሰለፍም ማለት ነው። «ዳውትፉል» የመሰለፍ ዕድሉ 25 በመቶ ያህል፣ «ኩዌስችነብል» 50፣ «ፕሮባብል» 75 መሆኑን ያመለክታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር በማደባለቅ ነው፤ ዳውትፉል የተባለ ልጅ ነገ ይጫወታል ብሎ መጠበቅ ለብስጭት መዘጋጀት ነው። የጉዳቱን ዓይነትም ማንበብ ይጠቅማል። የቁርጭምጭሚት ወለምታ በቀናት ሊሻል ይችላል፤ የጉልበት አጥንት ውስጣዊ ምት ግን በፋሻም በማስታገሻም አይቸኩልም፣ ዕረፍት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሁለተኛው ነፃ መሣሪያ የሊጉ የስታቲስቲክስ ገጽ ነው። ቡድኑን መርጦ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሲሆንና ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲሆን ያለውን ልዩነት የሚያሳየውን ሠንጠረዥ መክፈት ነው። የሚታየው አኃዝ በ100 የማጥቃት ዕድል (ኳሱን ይዞ ተጋጣሚ እስኪረከብ ያለው አንድ ዙር) ቡድኑ ስንት አስቆጥሮ ስንት እንደተቆጠረበት የሚነግረው ነው። የአንድ ጨዋታን የማጥቃት ዕድል በእጅ ማስላትም ይቻላል፤ ወደ ቅርጫቱ የተወረወሩት ሙከራዎች ላይ የፍሪ ትሮው (በፋውል የሚሰጥ ነፃ ውርወራ) ብዛት በ0.44 ተባዝቶ ይደመራል፣ የማጥቃት ሪባውንድ (ቡድኑ ራሱ ስቶ መልሶ የያዘው ኳስ) ይቀነሳል፣ የተበላሸ ኳስ (ሳይወረወር ለተጋጣሚ ያለፈ) ይደመራል። 88 ሙከራ፣ 22 ፍሪ ትሮው፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድና 13 የተበላሸ ኳስ ያለው ቡድን 101 ያህል ዕድል አግኝቷል ማለት ነው። 0.44 የገባው ሁሉም ፍሪ ትሮው አንድን ማጥቃት ስለማይዘጋ ነው፤ ከቅርጫት በኋላ በፋውል የምትጨመረው አንዷ ለምሳሌ አዲስ ዕድል አይደለችም።

ይህ ሠንጠረዥ ግን በቀላሉ ያሳስታል። ኮከቡ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ የተጋጣሚው ኮከብ በሚያርፍበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ «ያለ እሱም ጥሩ ናቸው» የሚለው ቁጥር ከተቀያሪዎች ጋር ተጫውቶ የተገኘ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ የለየለት ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃዎችም ቁጥሩን ያዛባሉ። ሙሉ በሙሉ ያልተሰለፈባቸውን ጨዋታዎች ለብቻ መመልከት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው።

እ.ኤ.አ. የ2021-22 ሜምፊስ ግሪዝሊስ ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ማስተማሪያ ነው። ያኔ 22 ዓመቱ የነበረው ጃ ሞራንት በመደበኛው ውድድር 57 ጨዋታ ተሰልፎ ቡድኑ 36 አሸነፈ፣ 21 ተሸነፈ። እሱ በሌለባቸው 25 ጨዋታዎች ደግሞ 20 አሸንፎ 5 ብቻ ተሸነፈ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ያለ ኮከቡ ይሻላል ሊል ይችላል። ከዚያ በምዕራቡ ግማሽ ፍጻሜ ከጎልደን ስቴት ጋር ሲጫወቱ ሞራንት ሁለተኛውን ጨዋታ በ47 ነጥብ አሸነፈላቸውና በሦስተኛው ቀኝ ጉልበቱን ተጎዳ፤ የጉልበት አጥንት ምት ነበር፣ ቀሪዎቹንም አልተሰለፈም። አራተኛውን 101 ለ98 ተሸነፉ፣ አምስተኛውን 134 ለ95 አሸነፉ፣ ስድስተኛውን 110 ለ96 ተሸንፈው አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት በዚህ ተከታታይ ግጥሚያ በድምሩ 4 ለ2 ተሰናበቱ።

አምስተኛውን ያየ 20 ለ5 እውነት ነበር ይላል፤ አራተኛው ግን የተሻለ መልስ አለው። ሜምፊስ ጨዋታውን እየመሩ ቆይተው ጎልደን ስቴት መሪነቱን የያዘው በመጨረሻዋ ደቂቃ ውስጥ ነው። መደበኛው ውድድር ላይ ግሪዝሊስ ነጥብ የሚያገኙት በፈጣን መልሶ ማጥቃት፣ ከቅርጫቱ ሥርና በማጥቃት ሪባውንድ ነበር፤ በሦስቱም የሊጉ ቀዳሚ ነበሩ። ይህ ዓይነት ነጥብ ኮከብ አይጠይቅም፣ ሩጫና ጉልበት ይበቃዋል። ፕሌይኦፍ ላይ ግን ተጋጣሚ ለአንድ ቡድን ብቻ ሳምንት ሙሉ ይዘጋጃል፣ ወደ ኋላ ሮጦ ይመለሳል፣ ጨዋታው ግማሽ ሜዳ ላይ ይቀራል። እዚያ ላይ ለአንድ ማጥቃት የተፈቀደው 24 ሰከንድ ሊያልቅ 7 ሰከንድ ሲቀረው ሰው አልፎ ቅርጫቱ ጋ የሚደርስ ልጅ ያስፈልጋል። እሱን የተካው ታይስ ጆንስ ኳስ የማያበላሽ፣ አስተዋይ መሪ ነበር፤ ተከላካይ ጥሶ የመግባት ፍጥነቱ ግን የሞራንት አይደለም። ሌላም ስውር ጉዳት አለ። ጆንስ ወደ ቋሚ ሲወጣ የተቀያሪዎቹ ቡድን መሪውን ያጣል። የአንድ ልጅ ጉዳት ሁለት ቦታ ይከፍታል፣ ግምት ሰጪዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት አንዱን ነው።

ስድስተኛው ደግሞ ከሞራንት ጋር ብዙም የማይገናኝ ሽንፈት ነው። ጎልደን ስቴት 25 የማጥቃት ሪባውንድ ወሰዱ፤ ኬቨን ሉኒ ብቻውን 22 ሪባውንድ ነበረው። በሪባውንድ የሚታወቅ ቡድን በሪባውንድ ተሸነፈ ማለት ነው። ዛሬም ወጣት ኮከቡ የተጎዳበትን ቡድን ስትገመግሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ነጥብ ጎደለብን?» ሳይሆን «ነጥባችን ከየት ይመጣ ነበር?» የሚለውን ቢሆን ይሻላል። ከሩጫና ከሪባውንድ ከሆነ አንድ ሁለት ጨዋታ ይሰረቃል። ሁሉም ነገር በእሱ እጅ ያልፍ ከነበረ ተከታታዩን ማሸነፍ በጣም ይከብዳል።

የሚከፈልበት ክፍል ቦታ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው፤ ቁጥር የማያሳየውን ያሳያል። ያለፈ ጨዋታ ሙሉውንም አጠር ተደርጎ የተቆረጠውንም ማየት ይቻላል። ውጤት የሚደብቅ ማስተካከያ ስላለው ጠዋት ከመክፈታችሁ በፊት ማታውኑ አብሩት፤ የስልኩን ማሳወቂያም አጥፉ፣ አለበለዚያ ውጤቱ በስክሪኑ ላይ ቀድሟችሁ ይጠብቃል። ለዚህ ጥያቄ ሙሉው ቅጂ ይሻላል፤ አጭሩ የገቡትን እንጂ የከሸፉትን ማጥቃቶች በአግባቡ አያሳይም፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ የከሸፈውን ነው። አራተኛውን ሩብ ብቻ ማየት ይበቃል። ተጋጣሚ ጫና ሲያደርግ ኳሱን ማን እንደሚያወጣ፣ ሦስት ነጥብ የማይጥለውን ልጅ ተከላካዩ ትቶት ቅርጫቱ ሥር ቆሞ እንደሆነ ተመልከቱ። ቆሞ ካገኛችሁት ማጥቃቱ ታንቋል።

የዳታው ሒሳብ እንዲህ ነው። ጥርት ያለው ምስል በሰከንድ 3 ሜጋቢት ቢወስድ በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ይሆናል፤ 2 ሰዓት ከ20 የሚፈጅ ስርጭት ከ3 ጊጋባይት በላይ ይበላል። ጥራቱ ወደ 1 ሜጋቢት ሲወርድ አንድ ጨዋታ በ1 ጊጋባይት ገደማ ያልቃል፤ በስልክ ስክሪን ላይ የሚጎዳው የመለያ ቁጥር ማንበብ እንጂ የአሰላለፍ ቅርጽ አይደለም። ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነ ቁጥር ጥራቱን እየጨመረ ፓኬጁን ይጨርሳል፤ በእጅ ዝቅ አድርጉት። የሊግ ፓስ ውዱ እርከን ጨዋታ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማየት ያስችላል። የፍጻሜ ጨዋታዎች ሰኔ ላይ ክረምቱ ሲገባ ስለሚደርሱ፣ ነጎድጓድ ባለበት ምሽት መብራትም ኔትወርክም ስለማይታመን፣ ለጎንደር ሰው ይህ የማውረድ አገልግሎት ቀጥታ ስርጭቱን ያስከነዳል።

ክፍያው ለውጭ አገር የኢንተርኔት ግብይት የተከፈተ ካርድ ይጠይቃል። ለአገር ውስጥ ብቻ የሚሠራ ካርድ ሲገባ ክፍያው ተቀባይነት አያገኝም፤ ባንኩን አስቀድሞ መጠየቅ ጊዜ ያተርፋል። የወር ክፍያውን መርጣችሁ ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ግቡ፤ የመጀመሪያው ዙር በነፃዎቹ ቅንጭብጮችና በስታቲስቲክሱ በቂ ይታያል። ምዝገባው ራሱን ስለሚያድስ በገባችሁበት ቀን ወዲያው እድሳቱን ሰርዙት፤ የከፈላችሁበት ወር እስኪያልቅ መጠቀም ትችላላችሁ። ዓመታዊውን መግዛት ዩኒቨርሲቲ ወይም ሰፈር ውስጥ ቡድን ለሚያሠለጥን ሰው ካልሆነ አንመክርም። አሠልጣኝ ከሆናችሁ ግን ያዋጣል፤ የግማሽ ሜዳ ማጥቃትን እያቆሙና እየመለሱ ለልጆች ለማሳየት ሙሉው ቅጂ ያስፈልጋል።