እማዬን ምኒልክ ግቢ ወሰድኳት

ለጥምቀት ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ነበርኩ። ከዲሲ ሳልነሳ «የሙሉ ቀን የቤተ መንግሥት ጉብኝት፣ መኪና ከነሾፌሩ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ ለአንድ ድርጅት በዶላር ከፈልኩ። ስሙን አልጠራም። ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል የተባለው ሾፌር አምስት ሰዓት ላይ ደወለና «መንገድ ተዘጋግቶ ነው» አለኝ። የት ደረስክ ስለው ገና ሲኤምሲ ነው። ተውኩት። ገንዘቡም «ይመለሳል» ከተባለ ይኸው ወር አለፈው። ውጭ ሆናችሁ ቀድማችሁ አትክፈሉ።

ስልኬ ላይ መኪና ጠራሁና ከሃያ ሁለት አራት ኪሎ በሃያ ደቂቃ ደረስን። ልጁ ወርዶ በሩን ከፈተላት፣ እማዬን ደግፎ አወረዳት። ጉርሻ ስሰጠው ሁለቴ «ኧረ ይቅር» ብሎ በሦስተኛው ተቀበለኝ። ደንቡ ነው።

እማዬ 78 ዓመቷ ነው። ያደገችው እዚያው ግቢ ገብርኤል አካባቢ ነው። ያንን አጥር ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ከውጭ ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ በዚያ በኩል ሲታለፍ ቀና ብሎ ማየት ያስፈራ ነበር ትላለች። እኔም ተማሪ ሆኜ፣ ሚኒባስ ውስጥ ካሜራ ያወጣ ሰውዬ ላይ ወታደር ሲጮህበት አስታውሳለሁ። ግቢው አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ የተከፈተው በመስከረም 2012 ነው። እኔ ከዚያ በፊት ወደ አሜሪካ ስለሄድኩ አላየሁትም፤ እሷ ደግሞ «አንቺ ስትመጪ» እያለች ቆየችኝ።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ እዚያው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ፍተሻው ጠበቅ ያለ ነው። መታወቂያ ያዙ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፤ ግቢው ዳገትና ቁልቁለት አለው። ከሽማግሌ ጋር ከሆናችሁ ግማሽ ቀን ሙሉ መድቡለት።

አስጎብኚያችን ወጣት ሴት ናት። ሸምድዳ የምታወራ አይደለችም፤ ደስ ያለኝም እሱ ነው። ግብር አዳራሹ ውስጥ፣ ምኒልክ እንግዳውን በማዕረግ በማዕረጉ፣ ተራ በተራ እያስገቡ ሺዎችን ያበሉ እንደነበር ስትነግረን እማዬ ጣሪያውን አየት አድርጋ «ይሄን ሁሉ እንጀራ ማን ጋገረው?» አለቻት። ልጅቷ ሳቀች። «እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እማማ።» ከዚያ በኋላ ሁለቱ ስለ ምጣድና ስለ ጠጅ ጋን እያወሩ ሄዱ፤ እኔን ረሱኝ።

ዙፋን ቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት ስንገባ ግን ጨዋታው ቆመ። ደርግ የጃንሆይን ሹማምንት ያሰረው እዚያ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተረሸኑት 60 ሰዎች ብዙዎቹ ከዚያ ነው የወጡት። እማዬ አማተበች። «ጎረቤታችን ለባሏ ስንቅ የምታመላልሰው እዚህ ነበር» አለች። ይህን እኔም ሰምቼው አላውቅም። አስጎብኚዋ የቀረውን ማብራሪያ ትታ ዝም አለች። ጉርሻዋን ሳበዛ ያሰብኩት ያንን ዝምታ ነው።

አሁን ወደ አትክልቱ። አንበሶቹን፣ እንቁላል ቤቱን፣ የክልሎቹን ቤቶች ሌላው ሰው በፎቶ አሳይቷችኋል። እኔ አንድ ጽድ ሥር ቆሜ ነው ጊዜዬን የጨረስኩት። አንድ አትክልተኛ ተንበርክኮ፣ በግንዱ ዙሪያ ያለውን ሣር ክንድ ያህል ወደ ኋላ እየነቀለ ነበር። እንዲህ የሚያምር ሣር ለምን ይነቀላል ብዬ ጠየቅኩት።

«ሣሩ ውሃ ይወዳል፤ ጽዱ ደግሞ ድርቅ የለመደ ነው» አለኝ። «ሣሩን እስከ ግንዱ ካስጠጋሽው፣ ለሣሩ ያጠጣሽው ውሃ የዛፉን ሥር ያበሰብሰዋል። ሰውም ሲረጋግጠው አፈሩ ይጠቀጠቅና አየር ያጣል።» እጁን አፈሩ ውስጥ ከተተና እንዴት እንደላላ አሳየኝ።

አሮጌ ግቢ ማደስ ሲባል እኔ የማየው አበባውን ነበር። አበባ በሁለት ወር ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ጽድ ግን ከችግኝ ጣቢያ አይገዛም። በዚህች ከተማማ ጭራሽ ብርቅ ነው። ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው የነበረው በዙሪያው ያለው ደን ለማገዶ አልቆ ነው፤ ያተረፋት የአውስትራሊያው ባህር ዛፍ ነው። ዛሬ ጽድ በብዛት የምናየው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው።

እማዬ አግዳሚ ወንበሩ ጋ ቆማለች። «መቀመጥ ይፈቀዳል እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። አትክልተኛው «ለእርስዎ ነው እማማ፣ አረፍ ይበሉ» አላት። ጫፉ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ተነሺ የሚላት የመጣ እንደሆነ ቶሎ ለመነሳት። ሰውዬው ከነቀለው ሣር መሃል የወደቀች የጽድ ጭራሮ አንስቶ ሰጣት። እሷም በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችው። «ገብርኤል ገብርኤል ይሸታል» አለች። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ ተደግፋ ተቀመጠች።

ስንወጣ አራት ኪሎ አንድ ትንሽ ካፌ ማኪያቶ ጠጣን። ማኪያቶው አንደኛ ነው፣ ሂሳቡም ጉድ የለውም፣ መጸዳጃ ቤቱም ንጹሕ ነው፤ ውሃ ግን በጆግ ነው።

መኪና ውስጥ እህቷ ጋ ደውዪልኝ አለችኝ።

«ምን ልበላት?»

«ግቢ ውስጥ ናት በያት።»

«ወጥተናል እኮ፣ እማዬ።»

«አንቺ ብቻ፣ ግቢ ውስጥ ናት በያት።»