ባትሪ ሊያስገዙኝ ነበር፤ ድሬዎች፣ ይህን ልጅ ያዙት

ድሬዎች፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ለቸገራችሁ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ። የሚሠራው ሳቢያን ነው። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ የምትፈልጉት በውስጥ ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

መኪናዬ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትል ነበር። አውቶማቲክ ስለሆነች ገፍቶ ማስነሳት የለም። ጎረቤት ለምኖ በኬብል ነው። አንድ ጋራዥ "ባትሪው አልቆለታል፣ ቀይሪ" አሉኝ። ሌላው ደግሞ ዲናሞ ነው አለ። ሁሉም ኮፈን ከፍቶ ያያል እንጂ ወደ ኋላ ዞር ያለ የለም።

ይሄኛው ሞተሩን አስጠፍቶ፣ ቁልፉን አስነቅሎ፣ ቀጥታ ወደ ኋላ ሄደ። "እህቴ፣ ነይ እስቲ እዪ" አለኝ። ጠራራ ፀሐይ ስለነበር በእጁ ከልሎ አሳየኝ። የፍሬን መብራቱ በርቷል። ፔዳሉን የረገጠ ሰው የለም። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ልጁ ግን የሚያስረዳው እኔን ነው፣ ባለመኪናዋን። የምትነዱ ሴቶች ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ተንጋሎ ከመሪው ሥር ገባ። የፍሬን መብራት ስዊች ያለው እዚያ ነው፣ ፔዳሉ ከላይ የታሰረበት ጋ። መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለ፤ መብራቱ ጠፋ። "ሽቦው ደህና ነው" አለ። መልሶ ሰካና የስዊቹን ጫፍ በጣቱ ወደ ውስጥ ገፋ፤ አሁንም ጠፋ። "ስዊቹም ደህና ነው።" ታዲያ ምንድን ነው? ምንጣፉን መዳበስ ጀመረ። ወንድሜ ካራገፈው ገራባ መሃል የተፈረፈረ ጎማ ለቅሞ በመዳፉ አሳየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እግራችሁን ስታነሱ ፔዳሉ ተመልሶ የስዊቹን ጫፍ ይጫናል፤ መብራቱ ይጠፋል። ስትረግጡ ጫፉ ይለቀቃል፤ ይበራል። ብዙ መኪና ላይ ፔዳሉና ስዊቹ የሚገናኙት የሸሚዝ ቁልፍ በምታህል ጎማ ነው። እሷ አርጅታ ስትፈረፈር ጫፉን የሚጫነው ነገር አይኖርም፤ መብራቱ ሌት ተቀን ይበራል። ደግሞ በብዙ መኪና የማስነሻ ቁልፉ ቢነቀልም የፍሬን መብራት ይሠራል። ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖል ሲበራ ካደረ ትንሽ ባትሪ ከየት አምጥቶ ይነሳል?

ከዕቃ ሣጥኑ ልኳን ጎማ ፈልጎ ገጠመልኝ። የስዊቹን ዳዶ አላልቶ ርቀቱን አስተካከለ። እዚህ ላይ አልቸኮለም። ስዊቹ ወደ ፔዳሉ ከልክ በላይ ከቀረበ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ ፍሬኑ እንደያዘ ሊቀር ይችላል። እስኪረካ ድረስ እየረገጠ፣ እየለቀቀ ፈተሸው። የተቀበለኝ ገንዘብ ለባትሪው ከተባልኩት አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። አቦ ይመችህ!

የባትሪው ጣጣ ይቅርና፣ በዚህ መብራት ከሐረር ስትመለሱ ደንገጎን መውረድ አስቡት። ከኋላችሁ የተጫነ አይሱዙ አለ፤ መብራታችሁ ሁልጊዜ በርቶ ከሆነ ፍሬን መያዛችሁን ሾፌሩ በምን ያውቃል?

ተቃራኒውንም ነግሮኛል። ስዊቹ ራሱ ተበላሽቶ መብራቱ ጭራሽ ካልበራ፣ አውቶማቲክ ላይ ማርሹ ከፒ (ከፓርኪንግ) አልወጣ ሊል ይችላል። "ካምቢዮ ይውረድ" የሚላችሁ ካለ፣ መጀመሪያ ፊውዙንና ስዊቹን አስፈትሹ። ረዳት ከሌላችሁ ማታ የመኪናውን ጀርባ ለግድግዳ ሰጥታችሁ በስፖኪዮ እዩ፤ ስትረግጡ ግድግዳው ይቀላል፣ ስትለቁ ይጠፋል።

ልጁ ጋ የምትሄዱ በጠዋት ሂዱ። ከሰባት ሰዓት በኋላ አትድከሙ፤ ሙቀቱም አለ፣ በርጫውም አለ።