ለዱባይ የኦፕቶሜትሪስትነት ፈቃድ ሰነድ ያሰናዳሁበት ቢሮ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኦፕቶሜትሪ (በእይታ ምርመራ ሙያ) ተመርቄ በዚሁ ከተማ ለዓመታት ከሠራሁ በኋላ፣ ለዱባይ የሙያ ፈቃድ ለማመልከት ስነሣ የተገለገልኩት ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የሰነድ ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ አሠራሩን ግን ለሙያ ባልደረቦቼ በዝርዝር ማካፈል እፈልጋለሁ።

የዱባይ ጤና ባለሥልጣን የአመልካቾችን ሰነድ የሚያስጣራው ዳታፍሎው በተባለ የሰነድ አጣሪ ድርጅት በኩል ሲሆን፣ አጣሪው ዲግሪውን ከሰጠው ተቋምና ልምዱን ካረጋገጠው አሠሪ በቀጥታ ይጠይቃል። የቢሮው ሠራተኛ የልምድ ደብዳቤዬን እንዳየች፣ ዲግሪዬ በአውሮፓውያን፣ ደብዳቤው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ብቻ መጻፉን አስተዋለች። እንደነበረ ቢላክ ኖሮ ሳልመረቅ በፊት ሥራ የጀመርኩ ያስመስለኝ ነበር። አሠሪዬ ሁለቱንም ቀኖች ጎን ለጎን እንዲጽፍልኝ አደረገች፤ የአያቴ ስም በፓስፖርቱና በዲግሪው ላይ በአንድ ፊደል መለያየቱንም ያገኘችው እሷ ናት። ለዚህ ጥንቃቄዋ ከልብ አመሰግናታለሁ።

ያሳዘነኝ የሙያው መጠሪያ በቸልታ መያዙ ነው። ቅጹን የሞላልኝ ሌላ ሠራተኛ «ኦፕቲሺያን» የሚለውን መረጠልኝ። ኦፕቲሺያን በታዘዘው መሠረት መነጽር የሚያዘጋጅና የሚያስተካክል ባለሙያ ነው፤ ኦፕቶሜትሪስት ግን እይታን ይመረምራል፣ መነጽር ያዝዛል፣ ግላኮማን የመሰለ ሕመም ሲጠረጥርም ወደ ዓይን ሐኪም ይልካል። መጠሪያው ከተሳሳተ ፕሮሜትሪክ በተባለ የፈተና ድርጅት የሚሰጠው የፈቃድ ፈተናም፣ በኋላ የሚፈቀደው ሥራም አብሮ ይሳሳታል። ኦፕቶሜትሪስቶችን በምታሠለጥን ከተማ ይህ መሆኑ አሳስቦኛል። ስነግረው ሳይከራከር አረመው፤ ሆኖም ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ቅጹን ራሳችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። የማጣሪያውና የፈተናው ክፍያ ከቢሮው ዋጋ ውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ስለሆነ፣ ስህተቱ ዘግይቶ ቢገኝ ዋጋው ይከብዳል።

ቢሮው የማይሆነውን ሥራ አለመቀበሉን ወድጄለታለሁ። ስለ አሜሪካ ለጠየቀች ጓደኛዬ፣ እዚያ ያሉ የክፍለ ግዛት ቦርዶች በአብዛኛው በእነሱ ዘንድ ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት የተገኘ ዲግሪና የብሔራዊ ቦርዱን ፈተና ስለሚጠይቁ፣ ሰነድ ማሰናዳት ብቻውን እንደማይበቃ በግልጽ ነግረው ገንዘብ ሳይቀበሏት ሸኝተዋታል።

ዋናው ዲግሪያችሁ በወጪ መጋራት ምክንያት ገና በእጃችሁ ካልገባ፣ ወደ ቢሮው ከመሄዳችሁ በፊት ክፍያውን አጠናቅቁ። የእኔ ጉዳይ ስድስት ሳምንት የዘገየው ክፍያዬን ሳልጨርስ በመጀመሬ ነው።