ፌንጣ መሰል የዓሣ ማጥመጃ፦ ፎም ወይስ የአውራ ዶሮ ላባ?

በጊልጌል ጊቤ ዳርቻ ከሣር ወደ ውኃ የሚወድቀውን ፌንጣ ለመምሰል ቁጥር 10 መንጠቆ ይበቃል፤ ጥያቄው ገላው ከምን ይሠራ ነው።

ፎም (ቀዳዳው የተዘጋው ጠጠር ያለ ዓይነት) ውኃ ስለማይመጥ ማድረቅ ሳያስፈልገው ይንሳፈፋል። (የፍራሽ ስፖንጅ ግን ጠጥቶ ይሰጥማል፤ አይሞከር።) ውፍረቱ 2፣ ስፋቱ 4 ሚሊሜትር ይሁን። መንጠቆው አስቀድሞ በክር ይጠቅለልና ጠብታ ሱፐር ግሉ ይደረግበት፤ አለዚያ ገላው ይዞራል። ክሩ በአንዴ ከጠበቀ ፎሙን ይቆርጠዋል፦ ሁለት ዙር ላላ፣ ሦስተኛው ጠበቅ። ፎሙ የመንጠቆውን ክፍተት ከደፈነ ደግሞ ዓሣው ነክሶ ያመልጣል።

ላባ ከዶሮ ተራ ይገኛል፤ ውኃው ላይም ረጋ ብሎ ያርፋል። ከአውራው አንገት ይነቀል፤ የሴቷ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይረጥባል። ሰም ቢቀባም ደጋግሞ ማድረቅ አይቀርም። ንፋስ ሞገድ ካስነሳ ፎም፣ ውኃው ከረጋ ላባ።