ቶኪዮን በምሽት ላሳዩኝ የሆቴል ኮንሲየርዥ ምስጋና፣ ለተጓዦችም ጥቆማ

ጃፓን ውስጥ ቲፕ አይሰጥም። ሒሳብ ከፍላችሁ መልሱን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ብትወጡ፣ አስተናጋጁ ገንዘብ የረሳችሁ መስሎት መንገድ ድረስ ተከትሏችሁ ሊመጣ ይችላል። ሺንጁኩ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ባረፍኩበት ሆቴል በኮንሲየርዥነት የሚሠሩት ሴትም የዘረጋሁላቸውን ፖስታ በሁለት እጃቸው መለሱልኝና ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው፣ «ጥሩ ጊዜ ካሳለፉ ለሌላ ሰው ይንገሩልኝ» አሉኝ። ይኸው እየተናገርኩ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፈውም። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ ያደረጉልኝን ግን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማንም ወደ ትልቅ ከተማ የሚሄድ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ነገር ነው።

ኮንሲየርዥ ማለት ሎቢው ውስጥ ከሪሴፕሽኑ ፈንጠር ብሎ የራሱ ትንሽ ጠረጴዛ ያለው ሠራተኛ ነው። ክፍል አያከራይም፣ ሒሳብ አይቀበልም። ሥራው እንግዳው ከሆቴሉ ውጭ የሚፈልገውን ማመቻቸት ነው፦ የኮንሰርት ትኬት፣ የጠፋ ሻንጣ፣ ሐኪም፣ ምሽት የት እንደሚኬድ። ብዙዎቻችን ለባለጸጋ እንግዳ ብቻ የተቀመጡ ስለሚመስለን ሳናናግራቸው እናልፋለን። የኮታቸው ኮሌታ ላይ ግራና ቀኝ፣ ተሻግረው የተጣመሩ የወርቅ ቁልፎች ካያችሁ ደግሞ የ«ሌ ክሌ ዶር» አባል ናቸው ማለት ነው። ይህ በ1929 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የተጀመረ የሙያ ማኅበር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቁልፉን ለማግኘት በሙያው ዓመታት መሥራትና በነባር አባላት መመስከር ያስፈልጋል። የእኔዋ ባለሙያ ሁለቱም ቁልፎች ነበሯቸው።

«ጥሩ ባር የት አለ?» ነበር ጥያቄዬ። ስም አልጠሩልኝም፤ እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። ብቻዬን ነኝ ወይስ ከሰው ጋር? መጨዋወት ነው የምፈልገው ወይስ ሙዚቃ መስማት? ነገ ስንት ሰዓት እነሣለሁ? የሲጋራ ጭስ ያስቸግረኛል? (ከ2020 ወዲህ ቤት ውስጥ ማጨስ በሕግ ቢገደብም፣ አሁንም የሚጨስባቸው ትንንሽ ባሮች አሉ።) ምን ያህል ላወጣ እንዳሰብኩም ጠየቁኝ፣ ያውም በማያሳፍር መንገድ፤ ሁለት መጠን ወረቀት ላይ ጽፈው «ወደዚህኛው ነው ወይስ ወደዚያኛው?» ብለው በእስክሪብቶ ጠቆሙኝ። የአገልግሎቱ ትልቁ ነገር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ስልካችን ላይ ኮከብ የተደረደረለት ባር ሁሉ ለአንድ ሰው ጥሩ ነበር። ያ ሰው ግን ምናልባት ከጓደኞቹ ጋር ሊጮህ የወጣ ነው፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር ማውራት ነበር የምፈልገው።

ቶኪዮ ውስጥ ይህን ለብቻ ማግኘት ከባድ ነው። አብዛኛው መንገድ ስም የለውም፤ አድራሻ የሚሠራው በሰፈር፣ በብሎክና በቤት ቁጥር ነው። ባሮቹም እንደ ሌላ አገር መንገድ ዳር በመስኮት አይታዩም። አንድ ቀጭን ሕንፃ ላይ ከምድር ቤት እስከ ስምንተኛ ፎቅ በየወለሉ አንድ ሁለት ባር ይኖራል፣ ውጭ የሚታየው ከላይ ወደ ታች የተደረደረ የስም ሰሌዳ ብቻ ነው። ሰሌዳውን ማንበብ ብትችሉ እንኳ ሊፍቱ ሲከፈት ምን እንደሚጠብቃችሁ አታውቁም። ወይዘሮዋ ካርታውን በእጃቸው ሣሉልኝ፤ የትኛው የባቡር ጣቢያ መውጫ፣ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ፣ ከዚያ ወደ ግራ። የሺንጁኩ ጣቢያ መውጫዎች ከ200 በላይ ስለሆኑ በተሳሳተው የወጣ ሰው ሌላ ሰፈር ነው የሚገኘው።

ከዚያ ስልክ አንሥተው ደወሉ። ይህ ነው ልቤን የነካው። ጎልደን ጋይ የሚባለው ሰፈር ካቡኪቾ በሚባለው የሺንጁኩ የምሽት መዝናኛ ቦታ ጫፍ ላይ ከሃናዞኖ መቅደስ አጠገብ ያሉ ስድስት ጠባብ መተላለፊያዎች ናቸው፤ እዚያ ውስጥ ከ200 በላይ ባሮች ተጠጋግተው ቆመዋል። አንዱ አምስት ሰው ይይዛል፣ ሌላው ስምንት። ሰፈሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጥቁር ገበያ ነበር፤ የሴተኛ አዳሪነት ክልከላ ሕግ በ1958 ሥራ ላይ እስከዋለ ድረስም የዚያ ንግድ ቦታ ሆኖ ቆይቷል። ኋላ ጸሐፊዎች፣ ጋዜጠኞችና የፊልም ሰዎች የሚሰበሰቡበት ሆነ። በ1980ዎቹ የመሬት ዋጋ ሰማይ ሲነካ ባለቤቶቹን ለማስለቀቅ እሳት ይለኮስባቸው ስለነበር፣ ሰፈሩን የሚወዱ ሰዎች ሌሊት ሌሊት በፈረቃ ይጠብቁት ነበር። እንዲህ ተጠብቆ የኖረ ቤት ባለቤት ለደንበኞቹ ቢሳሳ አይገርምም። አንዳንዶቹ የሚያውቁትን ሰው ብቻ ነው የሚያስገቡት፣ ሌሎቹ ደግሞ ለውጭ ሰው ዋጋቸውን በር ላይ ለጥፈው ይጠብቃሉ። «አንድ እንግዳ ልልክልዎት ነው፤ ብቻውን ነው፣ ጨዋታ ይወዳል» የምትል ስልክ እዚያ ውስጥ ትልቅ ነገር ናት።

ስደርስ አንድ ወንበር ተይዞልኝ ነበር። ገብቼ ስቀመጥ ሌሎቹ እንዳልፍ መነሣት ነበረባቸው፣ ቤቱ ያን ያህል ጠባብ ነው። ሞቅ ያለ እርጥብ ፎጣ ለእጄ፣ ቀጥሎ ያላዘዝኳት ትንሽ ሳህን መጣች። ይህን ወይዘሮዋ አስቀድመው ነግረውኛል፦ ሳህኗ የመቀመጫ ሒሳብ ናት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 የን ትጠየቁባታላችሁ፣ ማጭበርበር አይደለም። ያልተነገረው ሰው ግን ሒሳቡ ሲመጣ ተከፍቶ ምሽቱን ሊያበላሽ ይችላል። ብዙ ትንንሽ ባሮች ካርድ ስለማይቀበሉም ጥሬ ገንዘብ ይዤ እንድሄድ፣ ሳልጠይቅ ፎቶ እንዳላነሣ፣ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ካየሁ ሁለተኛውን ብርጭቆ ጨርሼ ቦታ እንድለቅ መክረውኛል።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ «አበበ!» አሉ። የ1964ቱ ኦሊምፒክ ማራቶን በሺንጁኩ በኩል በኮሹ ካይዶ መንገድ ነበር ያለፈው፤ እሳቸው ያኔ ትንሽ ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር መንገድ ዳር ቆመው አበበ ቢቂላን አይተውታል። ፊቱ ላይ ድካም አልነበረም እያሉ፣ እጃቸውን እያወዛወዙ አሯሯጡን አሳዩኝ። የባሩ ባለቤት እያስተረጎመ፣ ሌሎቹም እየገቡበት ጨዋታው ሌላ ሆነ። የፈለግኩት በትክክል ይህንኑ ነበር፣ ወይዘሮዋም ከአምስት ጥያቄ ውስጥ አውጥተውት ነው።

በጉዞው አብሮኝ የነበረው፣ ያን ምሽት ግን ወደ ባሩ ያልመጣው የሥራ ባልደረባዬ አልኮል አይቀምስም። በብዙ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው «ምሽት» ሲባል የሚቀረው ሆቴል ክፍል ነው። ለእሱ የጃዝ ካፌ መረጡለት። ይህ የጃፓኖች የራሳቸው ነገር ነው፤ ከውጭ የሚመጣ የሙዚቃ ሸክላ ውድ በነበረበት ዘመን ሰዎች አንድ ቡና አዝዘው በትልልቅ ድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ለመስማት ይሰበሰቡባቸው የነበሩ ቤቶች ዛሬም አሉ። በአንዳንዶቹ ማውራት እንኳ አይወደድም። በሌላ ምሽት ደግሞ ሁለታችንንም ፒት ኢን ላኩን። ሺንጁኩ ውስጥ ከ1965 ጀምሮ ያለ የጃዝ ክለብ ነው፣ ባንድ ይጫወታል፣ ሰው ወደ መድረኩ ፊቱን አዙሮ ያዳምጣል፣ ለስላሳ ይዞ የተቀመጠን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። መደነስ የሚፈልግ ክለቦቹን ሺቡያ በሚባለው ሌላ ሰፈር በኩል ያገኛል። የሚገርመው በ1948 በወጣ ሕግ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ ማስደነስ እስከ 2016 ድረስ የተከለከለ ነበር። እኔ ዳንስ ስላላማረኝ በዚህ ላይ የምለው ብዙ የለኝም።

አንድ ነገር ግን አስረግጠው ነግረውኛል፣ እኔም አስረግጬ አስተላልፋለሁ። ካቡኪቾ ውስጥ መንገድ ላይ አስቁሟችሁ «ና፣ ርካሽ ቤት አሳይሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከተሉት፣ ምንም ያህል ትሁት ይሁን፣ ቋንቋችሁንም ይናገር። መንገድ ላይ ደንበኛ መጎተት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ሳይቀር ማስጠንቀቂያ ይነገራል። እንዲህ የተወሰዱ ሰዎች ሲወጡ የሚቀርብላቸው ሒሳብ ከተነገራቸው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ቤት ሰው መንገድ ላይ ልኮ አያስጎትትም።

ሌላው የመመለሻ ነገር ነው። የቶኪዮ ባቡር ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ውስጥ ይቆማል፣ የሚጀምረው ወደ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ታክሲ ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 11 ሰዓት ድረስ 20 በመቶ ይጨምራል። ወይዘሮዋ የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ካርታው ጥግ ላይ ጻፉልኝ፤ የሆቴሉን ስም በጃፓንኛ የያዘች ካርድም ለታክሲ ሹፌር እንዳሳይ ኪሴ ውስጥ እንድከት አደረጉኝ።

እንዲህ ያለ ባለሙያ ያለበት ሆቴል ካረፋችሁ ጠዋት ወይም ከሰዓት ሄዳችሁ አናግሯቸው። ማታ ለመውጣት ተዘጋጅታችሁ ስትመጡ ደውለው ቦታ የሚይዙበት ጊዜ የላቸውም። ገንዘባችሁንም አትደብቁ፣ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው በሏቸው፤ የእኔዋ ርካሹን ቤት ሲፈልጉልኝ የነበራቸው ትጋት ከማንም አያንስም። በማግስቱ ተመልሳችሁ እንዴት እንደነበር ንገሯቸው። ካልወደዳችሁትም ንገሯቸው፣ የሚቀጥለውን የሚመርጡት በዚያ ነው። ሆቴላችሁ ኮንሲየርዥ ከሌለው ሺንጁኩ የሚገኘው የቶኪዮ አስተዳደር ሕንፃ ውስጥ የቱሪስት መረጃ ማዕከል አለ፤ እግረ መንገዳችሁን 202 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው መመልከቻ በነፃ ወጥታችሁ ከተማውን ከላይ ማየት ትችላላችሁ።

ቲፕ በማይቀበሉበት አገር ሠራተኛን የሚጠቅመው ለአለቃው የሚደርስ ጽሑፍ ነው። ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ የወይዘሮዋን ስም ጠቅሼ፣ ያደረጉልኝንም አንድ በአንድ ዘርዝሬ ደብዳቤ ትቻለሁ። እናንተም ከተደሰታችሁ እንደዚያ አድርጉ። እሳቸው አማርኛ ባያነቡም፦ እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።