የሕሙማን ምስጢር ሲያፈተልክ የሚመዘገብበት የአሜሪካ መንግሥት ድረ-ገጽ

የአሜሪካ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎቶች ሚኒስቴር፣ የሕሙማን መረጃ ያፈተለከባቸውን ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና የጤና መድን ድርጅቶች በስማቸው እየጠራ ለሕዝብ የሚያሳይ ድረ-ገጽ አለው። የሚያስተዳድረው በሚኒስቴሩ ሥር ያለው የሲቪል መብቶች ቢሮ ሲሆን፣ በሙያው ያሉ ሰዎች ገጹን «የኀፍረት ግድግዳ» ይሉታል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት 500 እና ከዚያ በላይ ሰዎችን የነካ የመረጃ ጥሰት የደረሰበት ተቋም፣ ጥሰቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ ቢበዛ በ60 ቀናት ውስጥ ለሚኒስቴሩ ማሳወቅ ግዴታው ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ማንም ሰው ሳይመዘገብና ፈቃድ ሳይጠይቅ የተቋሙን ስም፣ ግዛቱን፣ የተነኩትን ሰዎች ቁጥር፣ የጥሰቱን ዓይነትና መረጃው የነበረበትን ስፍራ ያያል፤ ሰንጠረዡንም ማውረድ ይችላል። (ከሰርቨርና ከኢሜይል ጎን ለጎን «ወረቀት» የሚል መደብ መኖሩ፣ የሕሙማን ምስጢር የሚያፈተልከው በኮምፒውተር ብቻ እንዳልሆነ ያስታውሳል።) የብዙ ተቋማት ገበና በአንድ ስፍራ እንዲህ ተዘርግቶ መገኘቱ የገጹ ትልቁ ብርታት ነው።

ድካሙ ያለው ቁጥሮቹ ላይ ነው። በየካቲት 2024 ቼንጅ ሄልዝኬር የተባለው የክፍያ አቀናባሪ ድርጅት ሲጠቃ፣ አጥቂዎቹ የገቡት በተሰረቀ የይለፍ ቃል፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ በማይጠይቅ መግቢያ በኩል ነበር፤ 22 ሚሊዮን ዶላር ቤዛም ተከፍሏቸዋል። ድርጅቱ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ለቢሮው ሪፖርት ሲያደርግ ግን የተነኩት ሰዎች 500 እንደሆኑ አስመዘገበ። ይህ አኃዝ ቆጠራው እስኪያልቅ ቦታ ለመያዝ የተጻፈ ነው፤ ሕጉም አይከለክለውም። ጥቅምት ላይ 100 ሚሊዮን ደረሰ፣ በጥር 2025 ወደ 190 ሚሊዮን አደገ። በመካከሉ ሰንጠረዡን የተመለከተ ሰው፣ በአሜሪካ የጤና ዘርፍ ታሪክ ትልቁን ጥሰት የአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ጉዳይ አድርጎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ለእንዲህ ያለው ጊዜያዊ አኃዝ አንዲት ምልክት ማድረግ ምን ያህል ይከብድ ነበር?

ከዚህ የሚብሰው ጉድለት ገጹ የሚቆጥረው የሾለከውን መረጃ እንጂ የቆመውን ሕክምና አለመሆኑ ነው። መድኃኒት ቤቶች ማዘዣ ማስተናገድ ሲያቅታቸው ወይም ሆስፒታሎች ሒሳባቸውን መሰብሰብ ሲሳናቸው፣ ያንን የሚይዝ ዓምድ የለም። ቁጥጥሩ ራሱም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚያሰኝ ነው፤ «አንተም» (Anthem) የተባለው የጤና መድን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ስላደረገው፣ ወደ 79 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን ስለነካው ጥሰት 16 ሚሊዮን ዶላር የከፈለው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ለንጽጽር የአየርላንድን መንገድ ማየት ይጠቅማል። የአገሪቱ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ግንቦት 14 ቀን 2021 በቤዛ ጠያቂ ሶፍትዌር ከተመታ በኋላ፣ ራሱ ፒደብሊውሲ በተባለ አማካሪ ድርጅት ያስጠናውን ሪፖርት በታኅሣሥ ይፋ አደረገ። አንድ ሠራተኛ መጋቢት 18 ቀን ከኢሜይል ጋር የመጣን ፋይል መክፈቱ፣ አጥቂዎቹ ስምንት ሳምንት ያህል ውስጥ መቆየታቸው፣ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ታይተው ሰሚ ማጣታቸው፣ ከ30,000 በላይ ኮምፒውተሮችም ጊዜ ባለፈበት ዊንዶውስ 7 ይሠሩ እንደነበር በዝርዝር ተጽፏል። አንድ የሆስፒታል ኃላፊ ከዚህ ሪፖርት ነገ ጠዋት የሚያስተካክለው ነገር ያገኛል፤ ከአሜሪካው ሰንጠረዥ የሚያገኘው ግን በአብዛኛው የጎረቤቱን ስም ነው።

ያም ሆኖ ገጹን ለመጠቀም የሚፈልግ አንባቢ፣ ፊት ለፊት ከሚያገኘው «በምርመራ ላይ» ከሚለው ዝርዝር ይልቅ ከማኅደሩ ቢጀምር ይሻለዋል። ምርመራቸው የተዘጋ ወይም ከ24 ወራት በላይ የሆናቸው ጉዳዮች የሚዛወሩት ወደዚያ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ሥር ምን እንደተፈጠረና ተቋሙ ምን እንዳረመ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይገኛል።